የጆሮዬ ልክ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሐሜት ራሱ ሊሰማ አለመቻሉን ለማመልከት ነው። እኔ ግን ተረቱን በሌላም መንገድ አውቀዋለሁ። የገዛ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ባዳ ሆኖብኝ ስለ ኖረ፣ ከእርሱ ጋር ለመታረቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል። ያስታረቀንም ነገር ከባድ ቀዶ ጥገና ወይም ብርቅ መድኃኒት ሳይሆን፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ለስላሳ ቍራጭ ናት።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጓደኞቼ ስለ ሀገር ፍቅር፣ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንደሚጽፉ አውቃለሁ፤ እነዚያን ከእኔ የተሻሉ ብዕሮች ይጽፏቸዋል። እኔ ግን ደርሶብኝ ስለማውቀው ነገር፣ ይኸውም ስለ መስሚያ መርጃ መሣሪያ፣ በተለይም መሣሪያውን ከጆሮ ጋር ስለሚያገናኘው «ልክ» ልጻፍ ብዬ ቈረጥኩ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ግን ትንሽ አለመሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ማጅራት ገትር ታመምኩ። በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ድካም ሕይወቴ ተረፈ፤ ነገር ግን ከአልጋ ስነሣ ዙሪያዬ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። የእናቴ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅዋ ግን ከወፍራም ግድግዳ ወዲያ የሚናገር ሰው ድምፅ መስሎ ይመጣል። ሐኪሞቹም በሽታው ውስጠኛውን ጆሮ እንደ ጎዳውና የተጎዳው እንደማይመለስ፣ የተረፈውን መስማት ግን ድምፅን በሚያጎላ መሣሪያ መርዳት እንደሚቻል ነገሩን። መሣሪያው ለሁለቱም ጆሮዎቼ ያስፈልግ ነበር፤ ዐቅማችን የፈቀደው ግን ለአንዱ፣ ለቀኙ ብቻ ሆነ።

መሣሪያውን ያላዩ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናልና አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ክፍል ማይክሮፎን፣ ማጉያና ባትሪ አለው። ከእርሱ የወጣው ድምፅ በቀጭን ቱቦ አልፎ ወደ ጆሮ ቦይ ይገባል። በቱቦው ጫፍ ያለው፣ የጆሮን ጉድጓድና የቦዩን አፍ ሞልቶ የሚቀመጠው ነገር ባለሙያዎቹ «ኢርሞልድ» የሚሉት ሲሆን፣ በቤታችን ግን ስሙ «ልኩ» ነው። ይህን ስም ያወጣችለት እናቴ ናት። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለ ሆነች፣ በሰው ገላ ልክ የሚሠራ ነገር ሁሉ ለእርሷ ልክ ነው። የሁለት ሰው ጆሮ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ልክ ከሌላ ሰው ተውሰው የሚያደርጉት ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው መሣሪያዬ በ2010 ዓ.ም. የተገኘ ሲሆን ልኩ ለስላሳ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጆሮዬ ስለሚያድግ ልኩ ቶሎ ቶሎ ይሰፋብኝና ይለወጥ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ያ መሣሪያ አርጅቶ ጨርሶ ተበላሸ። ያን ጊዜ እናቴ የእቁብ ዕጣዋ ወጥቶላት ስለ ነበረ፣ ለስፌት መኪናዋ ሞተር ልታስገባበት ያሰበችውን ገንዘብ ይዛ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝና ከፊተኛው የበረታ አዲስ መሣሪያ ገዛችልኝ። ልኩ ከምን ይሠራ የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ብዙ ዘመን የሚበረክተው የትኛው ነው?» አለች። «ደረቁ አክሪሊክ ነው» ተባለ። እንግዲያስ እርሱ ይሁን ተባለና እርሱ ሆነ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ማንም ያሳሳተን ሰው አልነበረም። እኛው ራሳችን ስለሚበረክተው ጠይቀን፣ ስለሚመቸው ሳንጠይቅ ቀረን።

አዲሱ ልክ የሚያብረቀርቅና እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር። ባየሁት ጊዜ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ከጆሮዬ ቦይ ፊት ለፊት በኩል፣ ከመንጋጋ ወገን፣ አንድ ቦታ ላይ ይወጋኝ ጀመር። እንጀራ ሳላምጥ ይወጋኛል፤ ሳዛጋ ይወጋኛል፤ ብዙ ሳወራ ይወጋኛል። በሳምንቱ ያ ቦታ ቀልቶ ቈሰለ። እናቴ «እንዴት ነው፣ ተመቸሽ ወይ?» ስትለኝ «ደኅና ነው» እላታለሁ። የእቁቧን ገንዘብ በጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ሞተር የሌለውን መኪናዋን በእግሯ ስትረግጥ እያየሁ፣ «ያመኛል» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

ከሕመሙ ሌላ ፉጨት የሚባል ነገር አለ። በሰልፍ ሜዳችን ላይ ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት እንደሚያወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመስሚያ መርጃም እንዲሁ ነው፤ ልኩ ከጆሮ ጋር ካልገጠመ የጎላው ድምፅ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣና ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሳል፤ እንደገናም ይጎላል፤ እንዲህ እየዞረ ፉጨት ይሆናል። አስቸጋሪው ነገር ቀጭን ድምፅ እኔ ከማልሰማው ወገን ስለ ሆነ፣ የገዛ ጆሮዬን ፉጨት ከሁሉ በኋላ የማውቀው እኔ መሆኔ ነው። የሰው ፊት ወደ እኔ ሲዞር ነው የምረዳው። በእውነቱ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው!

ዐሥረኛ ክፍል በገባን ጊዜ፣ በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አንዲት ጓደኛዬ በደብተሯ ጠርዝ ላይ ጽፋ ባሳየችኝ ቀልድ ሣቅሁ። ስሥቅ መንጋጋዬ ሲንቀሳቀስ ልኩ ክፍተት ፈጥሮ ኖሮ መሣሪያው ያፏጭ ጀመር። መምህራችን ከሰሌዳው ዞር ብለው «የማን ስልክ ነው?» አሉ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ነገሩ ሲገባኝ እጄን በፀጕሬ ውስጥ ሰድጄ መሣሪያውን አጠፋሁ። በዚያ መካከል ኪስ ሲፈተሽ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ በእርግጥም ስልክ ይዞ ተገኘ። «ያንተ ነው የጮኸው» ተባለ፤ ስልኩ ተወሰደ፤ ወላጅ እንዲያመጣም ተነገረው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ይህን ዛሬ በሁላችሁ ፊት ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ከመናገር ግን ዝምታው ቀሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ክፉ ልማድ ያዝኩ። ከቤት ስወጣ መሣሪያውን አድርጌ እወጣለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ስደርስ አውልቄ ከኮምፓስ መያዣዬ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ማታ ደግሞ ከቤታችን በር ላይ መልሼ አደርገዋለሁ። በክፍል ውስጥ የመምህራንን ከንፈር እያየሁ ግማሹን በግምት እሞላለሁ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲናገሩ ግን የማነበው ከንፈር የለም፤ ደብተሬም እንደዚያው ባዶ ይቀራል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከአምስተኛ ደረጃ ወደ ሠላሳ አንደኛ ወረድኩ።

ከሁሉ የበለጠ የቈጠቈጠኝ የባትሪው ነገር ነው። መሣሪያው የሚሠራው አየር ሲያገኝ ኃይል በሚሰጥ ዚንክ በተባለ ማዕድን ባትሪ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሳደርገው በየዐሥር ቀኑ ገደማ ይለወጥ ነበር። አሁን ግን ከሣጥን ስለሚውል ባትሪው ሳያልቅ ይከርማል። እናቴም «የዘንድሮው ባትሪ በረከት አለው» እያለች ታመሰግን ነበር። በቤታችን ምስጋና እንደ ስድብ የሚያም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ጕድጓድ ያወጣኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። በዚያው ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠርቶላቸው ነበር፤ እርሳቸውም እንደ እኔ «ደኅና ነው» እያሉ፣ ጥርሱን ግን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ያደርጉት ነበር። የገና ዕለት ቤተ ሰቡ ሁሉ ለዶሮ ወጥ ሲቀርብ አያቴ መረቁን በፍትፍት ይበላሉ፤ እኔ ደግሞ ልኩ እንዳይወጋኝ መሣሪያውን አውልቄ ከኪሴ ከትቼ እበላለሁ። እናቴ ከጓዳ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ኖሮ አልሰማሁም። አያቴ ይህን ሁሉ አዩ።

ማታ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና አንድ ነገር ተናገሩ። ያለ ጥርስ የሚናገር ሰው ከንፈሩን ማንበብ እጅግ ከባድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። በመጨረሻ ከጋቢያቸው ሥር በመሐረብ የተጠቀለለ ጥርሳቸውን አውጥተው አሳዩኝና የእኔን ኪስ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለታችንም ሣቅን፤ እኔ ግን ሣቄ ወደ ለቅሶ ዞረ። መሣሪያዬን አደረግሁ፤ እርሳቸውም ጥርሳቸውን አደረጉ፤ ለመነጋገር እንኳ ሁለታችንም የሚያመንን ነገር ማድረግ ነበረብን።

«የት ላይ ነው የሚወጋሽ?» አሉኝ።

«እዚህ ላይ፣ ከመንጋጋዬ በኩል ነው አባባ» አልኳቸው።

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። እርስዎስ ነግረዋታል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ዝም ብለው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ካለመናገራችን እኔ ሥጋ፣ አንቺ ትምህርት ቀረብን። እንግዲህ እንማማል፤ አንቺ የጆሮሽን ተናገሪ፣ እኔም የጥርሴን እናገራለሁ» አሉኝ። ተማማልን።

በማግስቱ እናቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሳለች ሁሉንም ነገርኳት፤ የኮምፓስ መያዣውንም፣ የባትሪውንም፣ ሠላሳ አንደኛ የወጣሁበትንም ምክንያት። እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ። ትቈጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለችኝ፤ «ስሚ ልጄ፤ ብብቱ ላይ የጠበበው ደንበኛ ልብሱን ዝም ብሎ ሣጥን ውስጥ ቢከተው ገንዘቡም ይጠፋል፣ እኔም ስሕተቴን አላውቅም። ይዞት ሲመጣ ግን ፈትቼ አሰፋለታለሁ እንጂ አልቈጣውም። ልክ በሜትር ተለክቶ ብቻ አያልቅም፤ የሚጨርሰው ለብሶ የሚያየው ሰው ነው። አንቺ ለምን አልመለስሽልኝም?» ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ በቂ መልስ አላገኘሁም።

በዚያው ሳምንት ወደ ክሊኒኩ ሄድን፤ አያቴም «የእኔን ጥርስ ቀጠሮ እስክጠብቅ አንቺን ልሸኝ» ብለው ተከተሉን። የተቀበሉን ባለሙያ ሴት ብርሃን ባለው መመልከቻ ጆሮዬን ካዩ በኋላ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ የት ላይ ነው? መቼ ነው? ያምሻል ወይስ ያሳክክሻል? እነዚህ ጥያቄዎች ለምን እንደሚጠየቁም አስረዱን። ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ከሆነና ቦታው ከቀላ፣ ልኩ እዚያ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ልኩ የነካው ቆዳ ሁሉ የሚያሳክክና የሚቀላ ከሆነ ግን ቆዳው የተሠራበትን ነገር ሳይወደው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በደንብ ሳይበስል በቀረ አክሪሊክ ውስጥ የሚተርፈው ኬሚካል አንዳንዱን ሰው ያስቈጣዋል። እንዲሁም እርጥበትና ፈንገስ ያሳክካሉ። ጆሮው መግል የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ከልኩ አስቀድሞ ሐኪም ማየት አለበት። የእኔ ሕመም በአንድ ነጥብ ላይ ስለ ነበረ ነገሩ የመጫን ነው ተባለ።

አያቴም አክሪሊኩን በእጃቸው ይዘው ሲመለከቱ ባለሙያዋ ፈገግ ብለው «አባባ፣ የእርስዎም ጥርስ ድድ የተሠራው ከዚሁ ዓይነት ነገር ነው» አሏቸው። አያቴ «እንግዲያስ ሁለታችንን የወጋን አንድ ጠላት ነው» አሉ።

በመጀመሪያ ደረቁን ልክ ለማዳን ተሞከረ። የአክሪሊክ አንዱ ደግነት ሊሞረድና ሊለሰልስ መቻሉ ነው፤ የሚጫነው ቦታ በትንሿ መሞረጃ ተነካ፣ ተወለወለ። ሕመሙም ቀለለ። ነገር ግን ዳቦ እንዳላምጥ ተደርጎ ሲፈተን ፉጨቱ ከፊተኛው ባሰ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከልኩ ላይ የተነሣው ነገር ክፍተት ትቷል፤ የእኔ መስማት ደግሞ እጅግ የደከመ ስለ ሆነ መሣሪያው ድምፁን አብዝቶ ማጉላት አለበት፤ ድምፁ በጎላ መጠን ትንሿም ክፍተት ታስፏጫለች። እንግዲህ በደረቅ ልክ ከሆነ፣ ሲገጥም ይወጋኛል፤ ሲሞረድ ያፏጫል።

የጆሮ ቦይ ቀጥ ያለ ቧንቧ አይደለም። በዐዋቂ ሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ የመንጋጋችን አጥንት ራስም ከፊቱ በኩል ስለሚጎራበተው አፋችንን በከፈትንና በዘጋን ቍጥር የቦዩ ስፋት ይለዋወጣል። ይህን እናንተም ልትፈትኑት ትችላላችሁ፤ ትንሿን ጣታችሁን በቀስታ ወደ ጆሯችሁ አፍ አስጠግታችሁ መንጋጋችሁን ብታንቀሳቅሱ ይሰማችኋል። ደረቅ ነገር ከዚህ እንቅስቃሴ ጋር አይታጠፍም። አንዳንዱ ሰው ቦዩ ብዙም ስለማይለዋወጥ አይሰማውም፤ የእኔ ግን ብዙ የሚለዋወጥ ኖሯል።

ስለዚህ ባለሙያዋ ያሉትን ምርጫዎች ከነጥቅማቸውና ከነጉዳታቸው ዘረዘሩልን። አክሪሊክ ይበረክታል፣ ለማጽዳትና ለማስገባት ይቀላል፣ ይሞረዳል፤ ግን አይታጠፍም። ቪኒል የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ በገላ ሙቀት ይበልጥ ስለሚለሰልስ ይመቻል፤ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ይኰማተራል፣ ይደርቃል፣ ቢጫም ይሆናል። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፣ ከመንጋጋ ጋር አብሮ ይታጠፋል፣ ድምፅ እንዳያሾልክ አጥብቆ ይዘጋል፣ ቆዳንም እምብዛም አያስቈጣም፤ ግን ሲያስገቡት ከቆዳ ጋር እየተጣበቀ ያስቸግራል፣ ሊቀደድም ይችላል፣ እንደ አክሪሊክ በቀላሉ አይሞረድም። ሲሊኮንም ራሱ በልስላሴ ይለያያል፤ ልስላሴው «ሾር» በተባለ መለኪያ ሲለካ ቍጥሩ ባነሰ ቍጥር ነገሩ የለሰለሰ ነው። ለእኔ የተመረጠው 40 ነበር።

እናቴም በዚህ ጊዜ «ብዙ ዘመን የሚበረክተው የትኛው ነው?» ብላ አልጠየቀችም። «ቀኑን ሙሉ ልታደርገው የምትችለው የትኛው ነው?» አለች። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚህ አንድ ጥያቄ ነው ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ አዲስ ልክ ተወሰደ። በመጀመሪያ ክር የታሰረባት ትንሽ ጥጥ በቦዩ ውስጥ ትገባለች፤ ይህም የሚፈሰው ነገር ወደ ታምቡሩ እንዳይደርስ ለመከልከል ነው። ከዚያም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ሲሊኮን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወደ ጆሮ ይሞላል። ይቀዘቅዛል፣ ድምፅም ሁሉ ይጠፋል። ዐምስት ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ሲጠነክር ይወጣል። ፊተኛው ልኬ የተወሰደው አፌን ዘግቼ ሳለሁ ነበር፤ አሁን ግን በጥርሶቼ መካከል አንድ ነገር አስነክሰውኝ፣ አፌ ተከፍቶ ሳለ ወሰዱት፤ መንጋጋው ሲከፈት ቦዩ የሚይዘውን ቅርጽ ልኩ እንዲያውቀው ነው።

ተራ በምንጠብቅበት ክፍል ውስጥ ያየሁትንም ልንገራችሁ፤ አንባቢ «እንግዲያስ ሲሊኮን ከሁሉ ይበልጣል» ብሎ እንዳይደመድም ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለስላሳውን ሞክረው እየታጠፈ አልገባ ብሏቸው ደረቁን መርጠው ነበር፤ እርሱን ግን በአንድ ግፊት ያስገቡት ነበር፤ አያማቸውምም። የሦስት ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው አንድ ሕፃን ደግሞ ቀይ ለስላሳ ልክ ነበረው፤ ሕፃን ይወድቃል፣ ኳስም ይመታዋል፣ በዚያ ጊዜ ደረቅ ነገር ጆሮውን ሊያቈስለው ይችላል። ጆሮውም ቶሎ ስለሚያድግ ልኩ በየጥቂት ወሩ ይለወጥለት ነበር፤ ስለዚህ ለእርሱ ብዙ ዓመት የሚበረክት ነገር ምንም አይጠቅመውም። ያንዱ መልካም ለሌላው መልካም አይደለም፤ የሚመረጠው በጆሮው፣ በመስማቱ መጠን፣ በእጁ ጥንካሬና በኑሮው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለስላሳው ልክ ደረሰ። የልኩ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር፤ መሣሪያውም ያው የቀድሞው ነው፣ ልኩ ብቻ ነው የተለወጠው። የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ሰዓት፣ በማግስቱ ዐራት ሰዓት እያደረግሁ ተለማመድኩት። በሳምንቱ ከጠዋት እስከ ማታ አደረግሁት፤ እንዳደረግሁትም ረሳሁት። አንድ ማታ ጀርባዬን ሰጥቼ የቤት ሥራ ስሠራ የእናቴ የስፌት መኪና መንኰራኵር ሲቆምና ሲነሣ ሰማሁ፤ ሳልዞርም «ክር በጠሰሽ ወይ?» አልኳት። እናቴ መልስ ሳትሰጠኝ ቀረች፤ ዘወር ብዬ ባያት ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርግ ነበር።

መሣሪያው ጆሮዬን እንደ ድሮው አላደረገልኝም፤ ሰው በበዛበትና ጫጫታ ባለበት ቦታ አሁንም የሰው ከንፈር ማየት አለብኝ። ልኩም እንክብካቤ ይፈልጋል። በየጊዜው ከመሣሪያው አላቅቄ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና አጥበዋለሁ፤ መሣሪያውን ራሱን ግን ውሃ አላስነካም። በቱቦው ውስጥ የቀረችውን ጠብታ በትንሽ የአየር መንፊያ አውጥቼ አሳድረዋለሁ። ቱቦው ሲደርቅና ቢጫ ሲሆን በየጥቂት ወሩ ይለወጣል። ሲሊኮን ከቱቦው ጋር በተራ ማጣበቂያ ስለማይያያዝ ቱቦውን ይዤ አልስበውም፤ ልኩን ራሱን ይዤ አወጣለሁ። በመጀመሪያ ሰሞን አልገባ ሲለኝ እናቴ «ቅቤ ልቀባልሽ ወይ?» ብላ ነበር፤ ባለሙያዋ ግን ቅባቱ የድምፁን መንገድ ይደፍናል፣ አቧራም ይሰበስባል ብለው ከልክለው፣ ለዚሁ የተሠራ በውሃ የሚታጠብ ቅባት ሰጡኝ።

የቀረችኝ አንዲት ዕዳ ነበረች። ስልኩ የተወሰደበትን ልጅ ፈልጌ የጮኸው የእኔ ጆሮ እንደ ነበረ ነገርኩት፤ ለመምህራችንም ሄጄ ተናገርኩ። ልጁ ብዙ ካሰበ በኋላ ሣቀና «ስልኩ ግን በእርግጥ ኪሴ ውስጥ ነበር» አለኝ። መምህራችን ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰሌዳው ዞረው አይናገሩም፤ ጽፈው ይጨርሱና ወደ እኛ ዞረው ያስተምራሉ። በዓመቱ መጨረሻ ዘጠነኛ ወጣሁ። አያቴም ጥርሳቸው ተሞርዶላቸው በፋሲካ ሥጋ በሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው በመጠኑም ቢሆን የመስማት ጉድለት እንዳለበት፣ ከእነዚህም 430 ሚሊዮን የሚሆኑት እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል። በያመቱ የካቲት 24 ቀን ዓለም አቀፍ የመስማት ቀን ሆኖ ይከበራል። ብዙ ሰው መሣሪያ የሚያገኝበትን መንገድ ማሰብ ታላቅ ሥራ ነው። እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ መሣሪያ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ከጆሮ ላይ መዋሉ ሌላ ነው። ሃያ ዓመት የሚበረክት ልክ በኮምፓስ መያዣ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ማንንም አያሰማም።

ስለዚህ እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ መሣሪያ ካለው «አደረግኸው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የት ላይ ያምሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ባትሪው ያለ ልክ ሲበረክትም አትደሰቱ። እናንተ ጓደኞቼም፣ መነጽርም ይሁን ጫማ፣ የጆሮ ልክም ይሁን ሌላ፣ ለእናንተ በድካም የተገዛ ነገር ሲያማችሁ መደበቅ ውለታ መመለስ መስሎ አይታያችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔ እናቴን እንዳላሳዝን ብዬ ዝም ባልኩባቸው ወራት ሁሉ የእቁቧ ገንዘብ ከሣጥን ተኝቶ ነበር፤ ገንዘቧን የመለስኩላት «ያመኛል» ባልኳት ቀን ነው።